በመማር ላይ ያለ

በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ሲከፈት ሰው የሚጠራበት ወግ አለው። መጀመሪያ «ክቡር ዶክተር» ይባላል። ከዚያ ኢንጂነሩ ይጠራል። የተጋበዙ የሃይማኖት አባቶች ካሉ ቀጥሎ እነሱ። በመጨረሻ መድረክ መሪው ወረቀቱን አገላብጦ «እንዲሁም አቶ» ይልና የእኔን ስም ያነባል። «እንዲሁም» የምትባለዋን ቃል የእኔን ያህል የሚጠላት ሰው በሚዛን ተፈሪ አይገኝም። ሃያ ዓመት በቡና ግብይት ሥራ ላይ አርጅቼ፣ ከቴፒ እስከ ማሻ ያለውን የቡና መጋዘን በሽታው ብቻ የምለይ ሰው፣ «እንዲሁም» ሆኜ ቀረሁ።

አለቃችን ከእኔ በአሥራ አራት ዓመት ያንሳል። ዶክትሬቱን ይዞ ሲመጣ ወንበሩን ቀየሩለት፣ መጋረጃ ሰቀሉለት፣ ጸሐፊዋም ስልክ ስታነሣ «ሃሎ» ማለቷን ትታ «የዶክተር ቢሮ» ማለት ጀመረች። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር። ችግሩ ጨዋ ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ነው የሚጨብጠኝ። «ጋሼ» ይለኛል። ጋሼ በሌላው ዘንድ የአክብሮት ቃል ነው፤ በእኛ መሥሪያ ቤት ግን ዶክተር ሳይሆን ያረጀ ሰው የሚጠራበት ነው።

ይኸው ጨዋ ሰው አንድ የሚያዝያ ጧት አስጠራኝና በሩን ዘጋ። የምክትል ኃላፊው ቦታ ለውድድር ሊወጣ መሆኑን ነገረኝ። ማስታወቂያው «ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ወይም በመማር ላይ ያለ» ይላል። «ወይም» የምትለዋን በጣቱ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጋት። መጨረስ ግዴታ እንዳልሆነ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ የመመዝገቢያ ደብዳቤ ካመጣሁ እንደሚበቃ፣ የድጋፍ ደብዳቤውንም እሱ ራሱ እንደሚፈርምልኝ አስረዳኝ።

«ጋሼ፣ ቦታው የእርስዎ ነው። የጎደለዎት አንድ ወረቀት ብቻ ነው» አለኝ።

አልዋሽም፣ ቦታውን ፈልጌው ነበር። ከቦታውም በላይ ማዕረጉ አምሮኝ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ስሆን «ዶክተር» የሚለውን ቃል ከስሜ ፊት አስቀምጬ በልቤ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እኔ ነኝ የማውቀው። የሚያሳፍር ነገር ነው፣ ግን ከዚህ ዕድሜ በኋላ የማፍረው በየትኛው እንደሆነ መምረጥ መብቴ ይመስለኛል።

ትምህርቱ በርቀት መሆን ነበረበት። ሥራዬን ትቼ፣ ቤቴን ዘግቼ አራት ዓመት አዲስ አበባ ልቀመጥ አልችልም። ደግሞስ ርቀት ለእኛ ምን አዲስ ነገር አለው? የሚዛን ሰው ከሁሉም ነገር በርቀት ነው የሚኖረው። ጋዜጣው ሲደርሰን ዜናው አርጅቷል፣ መድኃኒቱ ሲደርሰን በሽተኛው ወይ ድኗል ወይ ተቀብሯል። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በርቀት ያዝኩ፣ ማስተርሴንም በርቀት። የሥራ አመራር ዶክትሬትም በርቀት ቢጨመር ማንም አይደነቅም ብዬ ፍለጋዬን ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው ሚዛን፣ ከአንድ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር ፎቅ ላይ ወዳለ የአንድ ኮሌጅ ማስተባበሪያ ማዕከል ነው። ማዕከሉ አንዲት ሴት፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። ሴትየዋ የሰው መታወቂያ ኮፒ እያደረገች ስለ ዶክትሬት አስረዳችኝ። ዕውቅና አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ለዲግሪው አለን፣ ለማስተርሱም አለን፣ የዶክትሬቱ በሂደት ላይ ነው አለችኝ። በሂደት ላይ ያለ መንገድ አውቃለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በሂደት ላይ ነው። አመስግኜ ወረድኩ።

ቀጥሎ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ሞከርኩ። ቅጹን በሁለት ቀን ሞላሁት፣ መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶብኝ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። በመጨረሻ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥርና የፖስታ ኮድ ካላስገባህ አላልፍህም አለኝ። የእኔ ቤት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ብዬ ብጽፍ በቀይ መለሰልኝ። ዶክትሬት የሚገባኝ መሆን አለመሆኔ ሳይታይ የምኖርበት ቦታ እንደሌለ ተነግሮኝ ተመለስኩ።

ሦስተኛው በቴሌግራም መጣ። እኔ አልፈለግሁትም፣ እሱ ነው የፈለገኝ። ስሙ የአንድ ትልቅ አገር ትልቅ ከተማ ስም ያለበት፣ «ዓለም አቀፍ» የምትል ቃል ሁለት ጊዜ የገባችበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ፈተና የለውም። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያልቃል። የሚሰጠውን ዲፕሎማ ፎቶ ላከልኝ፤ ወርቃማ ማኅተሙ የሲኒ ማስቀመጫ ያህላል። ተማሪ መመልመል ሥራው የሆነ ሰውዬ ገና በመጀመሪያው መልእክት «እንደምን ዋሉ ዶክተር» ብሎ ጻፈልኝ። ገና አይደለሁም ብዬ መለስኩ። «ለእኛ ነዎት» አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መልእክቷን ደጋግሜ አነበብኳት።

አራተኛው እዚሁ አገር ውስጥ ያለ፣ ዕውቅናው በሂደት ላይ ያልሆነ፣ የማያስቅ ፕሮግራም ነው። አብዛኛው ትምህርት በርቀት ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ በአካል ይጠራሉ። ከማመልከቻው ጋር ግን «ከዚህ በፊት የሠሩትን ጥናት፣ እንዴት እንደሠሩትና ምን እንዳገኙ በአምስት ገጽ ይግለጹ» የሚል ነገር አለበት። ከዚያም ቃለ መጠይቅ። ያንን «እንዴት እንደሠሩት» የሚለውን ሳነብ ገጹን ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት ያን ጊዜ ለራሴም አልነገርኩትም።

ባለቤቴ የቡና ቀማሽ ናት። ጧት ገብታ በተደረደሩት ሲኒዎች ዙሪያ እየዞረች በማንኪያ ትምጋለች፣ ትተፋለች፣ ደረጃ ትጽፋለች። በደመወዝ የምትተፋ ሴት አግብቻለሁ እያልኩ እቀልድባታለሁ። እሷ ደግሞ በደመወዝ የሚያዛጋ ወንድ አግብቻለሁ ትላለች። ቡና ላይ የሠለጠነ አፏ ሰው ላይም ይሠራል፤ የሚያሞጋግስ ነገር ስትሰማ ፊቷ የሻገተ ቡና እንደቀመሰች ይሆናል።

ወርቃማ ማኅተሙን አሳየኋት። ስልኩን ራቅ አድርጋ አየችው፣ ቀረብ አድርጋ አየችው።

«ጆንያ ስንፈትሽ ከላይ አናይም» አለችኝ። «ከላይ ያለውን ሁሉም ነጋዴ ያሳምረዋል። ብረቱን መሃሉ ላይ ትሰካና የሚወጣውን ታያለህ። አንተ ደግሞ ይኸው ስንት ዓመት በቡና ሥራ ላይ ቆይተህ የጆንያውን አፍ ታሳየኛለህ።»

ነገሩ ልክ ነበር። ናሙና ሳላይ እንኳን ዶክትሬት አንድ ኪሎ ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና ገዝቼ አላውቅም። ለቴሌግራሙ ሰውዬ ጻፍኩለት፦ ከእናንተ የተመረቀ ሰው የሠራውን አንድ የመመረቂያ ጥናት ላክልኝ፣ ማጠቃለያውን ሳይሆን ሙሉውን። ትንሽ አንገራገረ። ካልላክህ አልመዘገብም አልኩት። በማግሥቱ ላከልኝ፤ ርእሱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በአንድ ሩቅ አገር ስላለ የሻይ ገበያ የሚያወራ፣ ወፍራም ነገር።

ባለቤቴ እንዳለችው መሃሉን ወጋሁት። አንድ መቶ ምናምነኛ ገጽ ላይ ከፈትኩና ማንበብ ጀመርኩ። ቀዩ የሻይ እሸት ተለቅሞ በአልጋ ላይ እንደሚሰጣ፣ ደርቆ ሲንኳኳ የሻይ ጀንፈል እንደሚባል፣ ከዚያም የሻይው ፍሬ ተፈልፍሎ በጆንያ እንደሚሞላ ይተነትናል። ሻይ ቅጠል መሆኑን እኛ አካባቢ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ባለቤቴን ጠርቼ አነበብኩላት፣ እሷም ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። ተመራቂው የሌላ ሰው የቡና ጥናት ወስዶ «ቡና» የሚለውን ሁሉ በኮምፒዩተር «ሻይ» አድርጎታል። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ ይላል ያገሬ ሰው።

እየሳቅሁ ገጹን ገለበጥኩ። እንዲህ ይላል፦ በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ከለቀማ በፊት እጃቸውን የመታጠብ ልማድ አላቸው፤ ይህም ከፍተኛ የንጽሕና ግንዛቤ መኖሩን ያመለክታል።

ሳቄ ጠፋ። ይህን ዓረፍተ ነገር በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው ሊጽፈው የሚችለው። እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስተርሴን ስሠራ ርእሴ የገበሬው ቡና አሸጣጥ ነበር። መጠይቁ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው፤ እኔ እዚያው ቆሜ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ፣ አብሮኝ የሄደው አስተርጓሚ ደግሞ ወደ ቤንችኛ። እዚሁ ሚዛን ተወልጄ አድጌ ቤንችኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ ሰላምታውንም በልቼ ነው የምናገረው። አንደኛው ጥያቄ ቡናቸውን አጥበው ይሸጡ እንደሆነ ይላል። የታጠበ ቡና በእኛ ሥራ እሸቱ በማሽን ተፈልፍሎ፣ በውኃ ገንዳ አልፎ የሚዘጋጅ ነው። እኔ «ቡና ታጥባላችሁ ወይ?» አልኩ። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንዳደረሰው እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። አንድ ገበሬ ቅር ብሏቸው እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ እኛ ታጥበን ነው የምንለቅመው አሉ። ሌላው ገበሬም ተከትለው እንደዚያው አሉ። ስሕተቱ ወዲያው ገባኝ። ግን ሦስተኛ ጥያቄ ላይ ነበርን፣ ዝናቡ ደግሞ እየመጣ ነበር። «የንጽሕና ግንዛቤ» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። አማካሪዬም አዲስ ግኝት ነው ብለው ኅዳጉ ላይ በብዕራቸው ምልክት አደረጉልኝ።

በመጀመሪያ የተናደድኩት እንደ ጥናቱ ባለቤት ነው። ሰረቁኝ፣ ዘረፉኝ፣ ክስ እመሠርታለሁ እያልኩ ሳሎን ውስጥ ተንጎራደድኩ። የድሮውን ጥናቴን ከአልጋ ሥር ከካርቶን አወጣሁና አስተያየሁ። ሠንጠረዦቹ ሳይቀሩ የእኔ ናቸው፤ ሌባው የገበሬዎቹን ብዛት እንኳ አልቀየረም። ባለቤቴ ካርቶኑ ውስጥ የነበሩትን የተሞሉ መጠይቆች አንሥታ ታገላብጥ ነበር። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አደረገች። ሦስተኛ ጨመረች።

«ይሄ የአንተ ጽሑፍ ነው» አለችኝ። «ይሄም። ይሄኛው ደግሞ በግራ እጅህ ነው?»

በግራ እጄ ነው። ስድስት ቤት በእውነት ጠይቄአለሁ። ሰባተኛው ጋ ስንደርስ ወንዙ ሞልቶ አገደን፣ አስተርጓሚውም ጫማዬ ተበላሸ ብሎ ተመለሰ። ማስረከቢያው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ቴፒ ለሥራ በሄድኩበት፣ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ተቀምጬ የቀረውን ከመቶ በላይ መጠይቅ ራሴ ሞላሁት። ሰማያዊ፣ ጥቁርና ቀይ እስክሪብቶ ገዛሁ። ለወጣቶቹ በቀኝ እጄ፣ ለሽማግሌዎቹ በግራ እጄ። ሰው እንዳይጠረጥር አንዳንዱን ገበሬ ሚስቱን ፈታሁበት፣ አንዳንዱን ልጅ አበዛሁበት፣ አንዱን በጥላቻ ይሁን በድካም ምንም ዓይነት የቡና ዛፍ የሌለው የቡና ገበሬ አደረግሁት። ያ ሁሉ ሠንጠረዥ፣ ያ ሁሉ መቶኛ የእኔና የዚያ በረንዳ ሥራ ነው። በጣም ጥሩ ውጤት አገኘሁበት።

ለባለቤቴ ይህን ሁሉ የነገርኳት እየቀለድኩ ነው። አልሳቀችም። የቡና ደረጃ ላይ የሚያጭበረብር ሰው ስትይዝ የምታሳየው ፊት አለ፤ እኔን በዚያ ፊት አይታኝ አታውቅም ነበር። «እኔ ጋ አንድ ሲኒ ሳልቀምስ ደረጃ ብጽፍ ያባርሩኛል» አለችና ወረቀቶቹን ወደ ካርቶኑ መለሰቻቸው። በጣም አፈርኩ። ሌላው ሰው ቢያየኝ እንደምንም እከራከር ነበር፤ እሷ ፊት ግን ካርቶኑን ወደ አልጋው ሥር ገፋሁት።

ለቴሌግራሙ ሰውዬ ግን ደወልኩ። ቢያንስ እሱን ላዋርደው። የላክህልኝ ጥናት የእኔ ነው፣ ከእኔ የተሰረቀ ነው አልኩት። ከዚያ ድምፁ ሁሉ ፈካ።

«እንኳን ደስ ያለዎት ዶክተር» አለኝ። «እንግዲያው ጥናትዎን ጨርሰዋል ማለት እኮ ነው። በርእሱ ላይ ትንሽ ማስተካከያ አድርገን በስድስት ወር እናስመርቅዎታለን። የመመዝገቢያ ደብዳቤውን ዛሬውኑ ልላክልዎ?»

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ሰውዬው ደብዳቤውን ይልክልኛል፤ ዛሬ። ግንቦት ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ቡናውን ሻይ ያደረገው ጥናት ተመልሶ ቡና ይሆናል፣ እኔ ዶክተር እሆናለሁ፣ «እንዲሁም» ከስሜ ፊት ትነሣለች። ከዚህ በፊት የዋሸሁትን ውሸት ሌላ ሰው ሰርቆ፣ አሳድጎ፣ ማኅተም አስመትቶ ይመልስልኛል። ማንም አይጎዳም። እውነቱን ለመናገር እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ያገደኝ ጽድቅ አይደለም። ሰውዬው «ዶክተር» ሲለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድብ ሆኖ ተሰማኝ። ቆይ እደውላለሁ አልኩትና ዘጋሁት፤ አልደወልኩለትም።

ያንኑ ቀን ማታ የአራተኛውን፣ የማያስቀውን ፕሮግራም ማመልከቻ ሞላሁ። አምስቱን ገጽ ጻፍኩ። ስድስቱን ቤትም፣ በረንዳውንም፣ ሦስቱን እስክሪብቶም ጻፍኩ። ይህን ለምን እንዳደረግሁ ብጠየቅ እስከ ዛሬ የረባ መልስ የለኝም፤ ምናልባት ባለቤቴ ፊቷን እንድትመልስልኝ ነው። ቢያንስ ቶሎ ብለው ይጥሉኝና ነገሩ ያልቃል ብዬ ነበር። እነሱ ግን ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ።

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ቤት ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ አለቃዬ የስብሰባ አዳራሹን ለቀቀልኝ፤ ራሱ ገብቶ ወንበሩን አስተካከለልኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። ከወዲያ በኩል አንዲት መምህርት ተቀምጠዋል፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማይበልጡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ። አምስቱን ገጽ አትመው ፊታቸው አስቀምጠዋል።

ስድብ ጠብቄ ነበር። ምክር ከመጣም ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እነዚያ ያልጠየቋቸው ገበሬዎች ቢጠየቁ ምን ይሉ ነበር?»

አፌ ላይ መልስ ነበረ። ሃያ ዓመት በሥራው ላይ ያለ ሰው ነኝ፤ ገበሬ ምን እንደሚል በየስብሰባው የምናገረው እኔ ነኝ። ገበሬው ግንዛቤ ይጎድለዋል፣ ገበሬው ደላላ ያታልለዋል፣ ባልየው ገንዘቡን ያጠፋዋል፤ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ልናገር ስል የማውቀው ከየት እንደሆነ ትዝ አለኝ። ግማሹን የማውቀው ከራሴ ጥናት ነው።

«አላውቅም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወረዱ። በዚህ ዓመት ሊቀበሉኝ እንደማይችሉ፣ ይህንንም ያለ ብዙ ማባበል ነገሩኝ። ሄጄ ሰዎቹን ከጠየቅኋቸው ግን በሚመጣው ዓመት ማመልከቻዬን ራሳቸው እንደሚያነቡት አሉኝ። ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ደኅና ይሁኑ ሳንባባል ቀረን።

ምክትልነቱን ሌላ ሰው አገኘው፣ ከፋይናንስ ክፍል። እስከ ግንቦት መጨረሻ የመመዝገቢያ ደብዳቤ ይዞ ቀረበ። የደብዳቤውን ግልባጭ አጋጣሚ ሆኖ አየሁት፤ ያቺ የሲኒ ማስቀመጫ የምታህል ማኅተም ግርጌው ላይ አለች። አሁን በየስብሰባው ከእኔ በፊት ይጠራል። ለማንም አልጠቆምኩም፤ የእኔ ዓይነቱ ሰው ስለ ሌላው ሰው ወረቀት ምን ብሎ ይናገራል? መናደዱን ግን አልተውኩም። አንዳንድ ቀን ምሳዬ ሁሉ አይወርድልኝም።

ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ፣ ያለ አበልና ያለ ደብዳቤ ወጣሁ። ለባለቤቴ የቡና ናሙና የሚያመጣላት አንድ ሾፌር እስከ መንገዱ ጫፍ አደረሰኝ፤ የቀረውን በእግሬ። መጀመሪያ በእውነት ከጠየቅኋቸው ከስድስቱ ቤቶች ልጀምር አልኩ። ምክንያቴ ፍርሃት ነው። ቢያንስ እነዚያ ስድስቱ እውነት ስለሆኑ ከእነሱ ብነሣ ልቤ ይጠናል ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ቤት ባለቤት ከሦስት ዓመት በፊት ማረፋቸውን ሚስታቸው ነገሩኝ። ሽበታም፣ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ደጃፋቸው ላይ ቡና ይለቅማሉ፣ ጥቁሩንና የተነቀዘውን ወደ አንድ ወገን እየለዩ። ነፍስ ይማር አልኩ፣ አዘንኩ። መጠይቁን ወደ ቦርሳዬ ልመልስ ስል ወንበር አቀረቡልኝና ምን ልጠይቅ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ቡናቸውን ለማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚሸጡ ባለቤታቸውን ጠይቄአቸው እንደነበር፣ ያንን መልሼ ልጠይቅ እንደመጣሁ ነገርኳቸው።

«እሱ ቡና ሸጦ አያውቅም» አሉኝ። «ገበያ የምሄደው እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ነው አማርኛ እያወራን መሆናችንን ያስተዋልኩት። ባልየው አማርኛ አይችሉም ነበር፤ ለዚህ ነው አስተርጓሚ ይዤ የመጣሁት። ሴትየዋ አማርኛውን ከየት እንዳመጡት ጠየቅኋቸው። ከሚዛን ገበያ አሉኝ፤ ነጋዴው በአማርኛ ነው የሚያታልለው፣ ሳያውቁ እንዴት ይሸጣል?

ባልየውን በጠየቅሁበት ቀን እሳቸው የት እንደነበሩ ጠየቅኋቸው። በአገጫቸው በሩን አሳዩኝ። እዚያው ተቀምጬ ነበር አሉ፣ እንዲሁ ቡና እየለቀምኩ። ባሌ ዋጋውን ሲሳሳት ሰምቼዋለሁ አሉኝ። ሚዛኑንም ተሳስቷል። የሚሸጥበትን ቀን ራሱ አያውቀውም ነበር።

«ታዲያ ለምን አላረሙትም?» አልኳቸው።

ከቡናው ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ እኔን አልጠየቅኸኝም።»

ስድስቱ እውነተኛ መልሶቼ በዚያች ሰዓት አምስት ሆኑ፤ ሌሎቹንም ቤቶች ገና አላየኋቸውም። አንድ መቶ ሰው ከልቤ ፈጥሬ ሞላሁ ብዬ ነበር ያፈርኩት፤ በዓይኔ ፊት የተቀመጠችውን አንዷን ሰው አለመጠየቄን ግን ለአንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። መጠይቁን አየሁት። «የቤተሰቡ ኃላፊ ስም» ይላል መጀመሪያው መስመር፤ ሁለተኛው «የሚስት ብዛት» ይላል። ገልብጬ ባዶውን ጀርባ ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ብዕሬን አወጣሁ፣ እባክዎ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ አልኳቸው።

ገጹ ሲሞላ በታሪካቸው ገና ከቤት ወጥተው ገበያው ጋ አልደረሱም ነበር።